የተያዘ የክሪፕቶ ኤክስቼንጅ ተመልሶ ቢከፈት ገንዘቡ ይመለሳል ወይ?

አንድ የክሪፕቶ ኤክስቼንጅ (ዲጂታል ገንዘብ የሚገዛበት፣ የሚሸጥበትና የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) በመንግሥት «ተያዘ» ሲባል ደሴ ውስጥ ወሬው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ገሚሱ «በቃ፣ ተበላን» ይላል። ሌላው ቴሌግራም ላይ «አብሽሩ፣ ሰኞ በአዲስ ስም ይከፈታል» የሚል መልእክት ይቀባበላል። የሚገርመው ሁለቱም ልክ የሚሆኑበት ጊዜ መኖሩ ነው፤ ኤክስቼንጁ በአዲስ ስም ይከፈታል፣ የሰዉ ገንዘብ ግን እዚያው እንደታሰረ ይቀራል። ድረ ገጽ መክፈት የቀናት ሥራ ነው። ዕዳ መክፈል ግን ዓመታት ይፈጃል፣ ብዙ ጊዜም አይሳካም።

ጉዳዩ ቀኑን ሙሉ ቻርት ላይ የሚያፈጡትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ከጅዳ፣ ከሪያድና ከዱባይ ከሚላከው ገንዘብ አንዳንዱ በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ክሪፕቶ) መጥቶ በፒቱፒ (ሰው ለሰው በቀጥታ በሚደረግ ሽያጭ) ወደ ብር ስለሚቀየር፣ ክሪፕቶ ምን እንደሆነ በቅጡ የማያውቁ እናትም የኤክስቼንጁ መያዝ ይነካቸዋል። ከዚህ በታች የውጭ አገር ክስተቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፈዋል፤ የአገር ውስጡን «ዓ.ም» ይለየዋል።

ምኑ ነው የተያዘው?

«ተያዘ» የሚለው ዜና ብቻውን ብዙ አይነግርም። መጀመሪያ መጣራት ያለበት ምኑ እንደተያዘ ነው።

ቀላሉ ዶሜኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ ነው። በ«ዶት ኮም» የሚያልቁ አድራሻዎችን መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ስለሆነ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲደርሰው አድራሻውን ወደ መንግሥት ገጽ ያዞረዋል። የፖሊስ ማኅተም የተደረደረበት ገጽ የሚመጣው ለዚህ ነው። የተያዘው ይህ ብቻ ከሆነ ኤክስቼንጁ በሌላ አገር ዶሜን በማግስቱ ሊመለስ ይችላል።

ሰርቨሩ (መረጃው ያለበት ኮምፒውተር) ሲያዝ ነገሩ ይከብዳል። ብዙ ሰው ኤክስቼንጅ ላይ የሚያየው ባላንስ ብሎክቼይን (ሁሉም ሊያየው የሚችል የክሪፕቶ የጋራ መዝገብ) ላይ የተመዘገበ ይመስለዋል። አይደለም። ብሎክቼይኑ የሚያውቀው የኤክስቼንጁን ዋሌቶች (የክሪፕቶ ካዝናዎች) ነው። በእነዚያ ውስጥ ካለው 300 ዩኤስዲቲ የእከሌ፣ 1,200 የእከሊት መሆኑ የተጻፈው በኩባንያው ዳታቤዝ ላይ ብቻ ነው። ዳታቤዙ ሌላ ቦታ ቅጂ ከሌለው፣ ኮይኑ ቢኖር እንኳ ለማን ስንት እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። ቅጂ ካለም የመጨረሻው ቅጂ መቼ እንደተወሰደ ወሳኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሸጠና የተገዛ ሁሉ ከመዝገቡ ውጭ ነው።

ይህን ለመረዳት እዚሁ ከተማችን የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘርፈዋል፣ ከተሞቹም ለሳምንታት ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል። የደንበኛው ሂሳብ ግን አልጠፋም፤ መዝገቡ ያለው ቅርንጫፉ ውስጥ ሳይሆን ዋናው መሥሪያ ቤት ነበር፣ ከባንኩ ጀርባ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ ነበር። ዛሬ ደግሞ የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ በአንድ ባንክ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። የክሪፕቶ ኤክስቼንጅ ይህ ሁሉ የለውም። መዝገቡም ካዝናውም አንድ ቦታ፣ አንዳንዴም አንድ ሰው እጅ ላይ ነው።

ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ፤ ቁልፉ። ኮይን የማን ነው ለሚለው ብሎክቼይኑ የሚቀበለው መልስ አንድ ነው፤ ፊርማ የሚያወጣው ምስጢራዊ ቁልፍ ያለው። ኤክስቼንጆች ሁለት ዓይነት ካዝና አላቸው። ሆት ዋሌት ለዕለት ወጪ የሚሆነው፣ ቁልፉ ሰርቨር ላይ ያለው ነው። ኮልድ ዋሌት ደግሞ ቁልፉ ከኢንተርኔት ተለይቶ የተቀመጠው፣ ብዙውን ኮይን የያዘው ነው። ፖሊስ ሰርቨሩን ሲያገኝ የሆት ዋሌቱን ቁልፍ አብሮ ሊያገኝ ይችላል፤ ካገኘም ኮይኑን ወደ መንግሥት ዋሌት ያዛውራል። የኮልዱ ቁልፍ ግን ወረቀት ላይ የተጻፉ 24 ቃላት፣ ወይም አንዲት ትንሽ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ያንን የያዘው ሰው ከታሰረ፣ ወይ ለመርማሪ ያስረክባል ወይ ዝም ይላል። በደንብ የተደራጀ ኤክስቼንጅ ከሦስት ቁልፍ ሁለቱ ሲፈርሙ የሚከፈት ዋሌት ይጠቀማል፤ እንዲህ ያለው ቤት አንዱ ሰው ቢታሰርም ሁለቱ ኮይኑን ማንቀሳቀስ ይችላሉ። «የቀረው ቡድን ገንዘቡን አትርፏል» የሚል ዜና እውነት ሲሆን ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

ዩኤስዲቲ ላይ ግን ሌላ እጅ አለ። ቢትኮይን አውጪ ኩባንያ ስለሌለው ከሩቅ የሚያግደው የለም። ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ቴተር ግን ኮንትራቱ (ዩኤስዲቲን የሚመራው ፕሮግራም) ውስጥ የጥቁር መዝገብ አሠራር አለው፤ አድራሻው እዚያ ከገባ ቁልፉ በእጅዎ ቢሆንም ሳንቲም አይንቀሳቀስም። የሩሲያው ኤክስቼንጅ ጋራንቴክስ የደረሰበት ይህ ነው። በማርች 2025 ቴተር ከ2.5 ቢሊዮን ሩብል በላይ፣ በዶላር ወደ 28 ሚሊዮን የሚጠጋ ዩኤስዲቲ በዋሌቶቹ ላይ አገደ። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ፣ የጀርመንና የፊንላንድ ባለሥልጣናት ዶሜኖቹንና ሰርቨሮቹን ያዙ። እዚህ አገር የአብዛኛው ሰው ክሪፕቶ ዩኤስዲቲ ስለሆነ ይህ አንቀጽ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚመለከተው የእኛን ሰው ነው።

ተከፈተ፤ ከዚያስ?

የታወቀው ምሳሌ ቢቲሲኢ የተባለው ኤክስቼንጅ ነው። በጁላይ 2017 ዋና ሰው ነው የተባለው አሌክሳንደር ቪኒክ ግሪክ ውስጥ ተያዘ፣ ዶሜኑም ተወሰደ። የአሜሪካው የፋይናንስ ወንጀል መከላከያ ቢሮ ኤክስቼንጁን 110 ሚሊዮን ዶላር፣ ሰውየውን 12 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ። የቀሩት ሰዎች ግን በኒውዚላንድ ዶሜን ብቅ አሉ፤ በሴፕቴምበር 2017 ደግሞ ዌክስ በሚል ስም ሥራ ጀመሩ። ለደንበኛው የባላንሱን ከግማሽ በላይ በኮይን ሰጡ፣ ለቀረው «ዕዳ አለብን» የሚል ቶክን (ገበያ ላይ ሊሸጥ የሚችል ዲጂታል ሰነድ) ሰጡ። ለጥቂት ወራት ሠራ። በ2018 አጋማሽ ገንዘብ ማውጣት ቆመ፣ ቀጥሎ ቤቱ ራሱ ጠፋ። በኮይን የተሰጠውን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አውጥቶ የሄደ ሰው ያንን አተረፈ። «የቀረውም ይመጣል» ብሎ እዚያው የጠበቀው ሁሉንም አጣ።

ግን የዕዳ ቶክን ሁልጊዜ ማታለያ አይደለም። ቢትፊኔክስ የተባለው ኤክስቼንጅ በኦገስት 2016 ወደ 119,756 ቢትኮይን ተሰረቀበት። ጉድለቱን በሁሉም ደንበኛ ላይ አከፋፈለው፤ ከእያንዳንዱ 36 በመቶ ቆርጦ ለእያንዳንዱ የጎደለ ዶላር አንድ ቶክን ሰጠ። እስከ ኤፕሪል 2017 ሁሉንም ቶክን ወይ በሙሉ ዋጋው መልሶ ገዛ፣ ወይ በኩባንያው አክሲዮን ቀየረ።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? ቢትፊኔክስ ላይ የደረሰው ስርቆት እንጂ መያዝ አልነበረም። ባለቤቶቹ በስማቸው ታውቀው ሥራቸው ላይ ናቸው፣ ማዕቀብ የለባቸውም፣ ገበያተኛው ብዙ ነው። ቶክኑ የሚከፈለው ከኮሚሽን ገቢ ነውና ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ኤክስቼንጅ 30 ሚሊዮን ዶላር ጎድሎበታል እንበል፤ ከገዢና ከሻጭ 0.1 በመቶ፣ በድምሩ 0.2 በመቶ ያስከፍላል። ጉድለቱን ለመድፈን 15 ቢሊዮን ዶላር ግብይት ማለፍ አለበት፤ ያውም ደመወዝ፣ ሰርቨርና ጠበቃ ምንም ሳይወጣ። ፖሊስ የያዘውና ነጋዴው የሸሸው ቤት ይህን ያህል ግብይት አያገኝም። ስለዚህ የዕዳ ቶክን የተሰጠው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የቤቱን የቀን ግብይት ነው፤ የቃል ኪዳኑ ርዝመት ምንም አይጠቅምም።

በእጃችሁ ያለውንም እንዲሁ በቁጥር ማየት ነው። 1,000 ዩኤስዲቲ ነበራችሁ። 550 በእጅ፣ 450 በቶክን ተሰጣችሁ። ቶክኑ ገበያ ላይ በ30 ሳንቲም ዶላር ቢሸጥ 135 ነው። ያላችሁ 685 ነው እንጂ 1,000 አይደለም። ስክሪኑ ላይ 1,000 ብሎ ቢጽፍም።

የጋራንቴክስ ተከታይ ግሪኔክስ ሌላ መልክ አሳይቷል። በሳምንታት ውስጥ ተከፈተ፣ የታገደውን ባላንስ ኤ7ኤ5 በተባለ ከሩብል ጋር በተያያዘ ቶክን እየተካ ለደንበኛው አዛወረ። በኦገስት 2025 የአሜሪካ ግምጃ ቤት ግሪኔክስንም በማዕቀብ መዝገብ ውስጥ ከተተው። እንዲህ ካለ ቤት ያወጡትን ኮይን ትልቅ ኤክስቼንጅ ላይ ይዞ መግባት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ትልልቆቹ የገባውን ኮይን ከየት እንደመጣ የሚከታተል ሶፍትዌር አላቸው፤ ከማዕቀብ አድራሻ የመጣ ከሆነ ዲፖዚቱን ይዘው ማስረጃ ይጠይቃሉ። ማለትም ገንዘቡ አንዴ ወጥቶ፣ ፒቱፒ ላይ ልትሸጡት ስትሉ እንደገና ሊታሰር ይችላል።

የፍርድ ቤቱ መንገድ

በሕግ የሚካሄደው መልስ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ከቴሌግራም ተስፋ የተሻለ ሪከርድ አለው። ኤፍቲኤክስ የተባለው ትልቅ ኤክስቼንጅ በኖቬምበር 2022 ኪሳራ አወጀ። አዲሱ አስተዳደር እንደገና የመክፈት ሐሳብ ነበረው፤ በቂ ገንዘብ የሚያፈስ ገዢ ስላልተገኘ በጃንዋሪ 2024 ሐሳቡን ተወው። ያልተከፈተው ይኸው ቤት ግን ከፈለ፤ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ አነስተኛ ባላንስ ያላቸው ደንበኞች የይገባኛል ጥያቄያቸውን ወደ 119 በመቶ ገደማ አገኙ።

119 በመቶ ሲባል ያስደስታል። ግን የምን? ፍርድ ቤቱ ዋጋውን የወሰደው ኪሳራው በታወጀበት ቀን በነበረው ነው፤ ቢትኮይን ያኔ 16,871 ዶላር ገደማ ተቆጠረ። ግማሽ ቢትኮይን የነበረው ሰው ጥያቄው 8,435 ዶላር ነው፤ 119 በመቶው 10,000 ዶላር አካባቢ። ክፍያው ሲጀመር ግማሽ ቢትኮይን ከ45,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ዩኤስዲቲ ላስቀመጠ ሰው ግን ይህ ጉዳት የለም፤ እንዲያውም ከወለዱ ጋር አገኘ።

የቶኪዮው ኤክስቼንጅ ማውንት ጎክስ በተቃራኒው ሄደ። በ2014 ሲወድቅ 850,000 ያህል ቢትኮይን ጠፍቷል ተባለ፤ በኋላ ወደ 200,000 የሚጠጋው አሮጌ ዋሌት ውስጥ ተገኘ። የጃፓን ፍርድ ቤት በ2018 ጉዳዩን ከኪሳራ ወደ ተሃድሶ ስለቀየረው ክፍያው በራሱ በኮይን እንዲሆን ተፈቀደ፣ በኮይን መክፈል የጀመረው ግን በጁላይ 2024 ነው። ትንሽ ኮይን ተመለሰ፣ ዋጋው ግን ሰማይ ነክቶ ነበር። አሥር ዓመት መጠበቅ የቻለ ሰው ተጠቀመ።

ገንዘቡን መንግሥት በወንጀል ፍሬነት ከወሰደው ደግሞ ሌላ በር ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሥርዓት በፍትሐ ብሔር የሚወረስ ንብረት ማስታወቂያ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለ30 ተከታታይ ቀናት ይወጣል። በቀጥታ ማስታወቂያ ያልደረሰው ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 60 ቀን አለው። በወንጀል ፍርድ ተከትሎ የሚወረስ ከሆነ ከማስታወቂያው ማብቂያ ወይም ለሰውየው ከደረሰበት ቀን፣ ከቀደመው ጀምሮ 30 ቀን ነው። እዚህ ላይ ደንበኛው የሚሸነፍበት ነጥብ አለ፤ «ኮይኑ የእኔ ነው» ማለት አይበቃም። ኤክስቼንጁ ኮይናችሁን ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ከያዘው፣ እናንተ ንብረት ያላችሁ ሳይሆን ዕዳ የሚከፈላችሁ ተራ አበዳሪ ናችሁ ይባላል። ለዚህ ነው ከየትኛው አድራሻ፣ መቼ፣ ስንት እንደላካችሁ የሚያሳየው የግብይት ቁጥር ከስክሪንሹት ሁሉ የሚበልጠው።

ከደሴ ሆኖ ሲሞላ

የይገባኛል ጥያቄ ፎርሙ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በትንሽ ነገር ነው። አካውንቱ በማን ስም ነው? ዱባይ ያለው የአክስት ልጅ በመታወቂያው ከፍቶ ደሴ ያለው ወንድም የሚጠቀምበት አካውንት ብዙ ነው። የይገባኛል ጥያቄውን ማቅረብ የሚችለው በስሙ የተከፈተለት ሰው ነው፣ ገንዘቡም ለእሱ ነው የሚከፈለው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሱ ነው። ቀጥሎ የስም አጻጻፍ። «መሐመድ» በላቲን ፊደል ፓስፖርት ላይ በሁለት «ኤም»፣ ፋይዳ ላይ በአንድ ከሆነ ማሽኑ ሁለት ሰው ያደርጋችኋል፤ አካውንቱን ስትከፍቱ ባስገባችሁት ሰነድ ላይ ያለውን አጻጻፍ ተጠቀሙ። የትውልድ ዘመንም እንዲሁ፤ 1988 ዓ.ም በፈረንጅ 1995 ወይም 1996 ነው፣ 1988 ብሎ የከፈተ ሰው አሁን ሰነዱ አይገጥምም። ይህን በማብራሪያ ደብዳቤና በልደት ካርድ ትርጉም ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ቀነ ገደቡ ከመድረሱ በፊት ነው።

ቀነ ገደቡ «23:59 ዩቲሲ» (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ከተባለ በእኛ ሰዓት ሌሊት 8:59 ነው። የመጨረሻውን ምሽት መብራትና ኔትወርክ ላይ አትጣሉት።

ዜናው እንደተሰማ ግን ከፎርም በፊት የሚደረግ አንድ አስቸኳይ ነገር አለ፤ ወደ አሮጌው አድራሻ መላክ ማቆም። ብሎክቼይኑ ኤክስቼንጁ መያዙን አያውቅም፣ የተላከውን ሁሉ ይቀበላል። ጅዳ ያለችው እህት ስልኳ ላይ ያስቀመጠችውን አድራሻ ተጠቅማ በወር መጀመሪያ ብትልክ ገንዘቡ ወይ መንግሥት እጅ ይገባል፣ ወይ ቁልፉ የማንም ባልሆነ አድራሻ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ኢሜይሎችን፣ የዲፖዚትና የማውጫ ታሪክን፣ የፒቱፒ ንግግሮችንና የባንክ ወይም የቴሌብር ደረሰኞችን ከስልክ ውጭ አስቀምጡ። ስልክ ይጠፋል።

«ተመልሶ ተከፈተ» የሚል አዲስ ሊንክ ሲመጣ ፈተናው አንድ ነው፤ ምንም ሳታስገቡ ማውጣት ይቻላል ወይ? 10 ወይም 20 ዩኤስዲቲ ወደ ራሳችሁ ዋሌት አውጡና ትሮንስካን (የትሮን ብሎክቼይን ግብይት የሚታይበት ድረ ገጽ) ላይ መድረሱን እዩ። «አካውንቱን ለማንቃት መጀመሪያ 50 አስገቡ»፣ «10 በመቶ ግብር ክፈሉና ይለቀቃል»፣ «የጋዝ (የማስተላለፊያ) ክፍያ ይቀራል» ካለ ሌባ ነው። ፍርድ ቤትም ሆነ የኪሳራ አስተዳዳሪ የሚቆርጠው ነገር ካለ ከሚከፍላችሁ ላይ ይቀንሳል እንጂ አስቀድማችሁ ዩኤስዲቲ ላኩ አይልም። የዋሌታችሁን 12 ወይም 24 ምስጢራዊ ቃላት የጠየቀ ደግሞ የጠየቀው ሌላ ዋሌታችሁን ነው። «ገንዘብ አስመላሽ» ነኝ ባዮቹ የሚያጠምዱት አስቀድሞ የተጎዳን ሰው ነው፤ የተላለፈን ግብይት ወደኋላ የሚመልስ ሃከር የለም።

አንድ ደስ የማይል ነገር እንናገር። እዚህ አገር «መንግሥት አግዶን ነው» ብለው ከተዘጉት አፖች ብዙዎቹ ኤክስቼንጅ አልነበሩም። ቀን በቀን ትርፍ የሚቆጥር ስክሪን ብቻ ነበሩ፤ የተያዘም ነገር የለም፣ የሚመለስም የለም። እውነተኛ መያዝ የፍትሕ መሥሪያ ቤት መግለጫና የፍርድ ቤት መዝገብ ቁጥር አለው፤ ያንን ማግኘት ካልተቻለ ሁኔታውን እንደ ማጭበርበር መቁጠር ይሻላል። ፒያሳ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ብር በእጁ ተቀብሎ «እኔ እሞላላችኋለሁ» ያለ ኤጀንት ካለ፣ እሱ በስምና በአድራሻ የሚታወቅ ሰው ነውና አቤቱታው እዚሁ ፖሊስ ጣቢያ ይጀመራል። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም ክሪፕቶን መክፈያ አድርጎ መጠቀም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ ማታለል ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የራሳችሁን ሁኔታ ለጠበቃ አሳዩ።

የመጨረሻው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «የይገባኛል ጥያቄውን ለሌላ ልሽጠው?» የሚለው ነው። የኤፍቲኤክስ ጥያቄዎች በ2022 መጨረሻ ከዶላሩ 10 ሳንቲም አካባቢ ይሸጡ ነበር፤ በ2024 ከሙሉ ዋጋቸው በላይ ሄዱ። ማዕቀብ ያለበትና ባለቤቶቹ የተሰወሩበት ቤት ጥያቄ ግን ገዢ የለውም። ገዢዎቹ ፈንዶች ስለሆኑ ትልቅ መጠን ነው የሚፈልጉት፤ 600 ዶላር ያለው ሰው ያለው አማራጭ ፎርሙን ሞልቶ፣ የማረጋገጫ ኢሜይሉን አስቀምጦ፣ የኢሜይል አድራሻውን ሳይቀይር መጠበቅ ነው።